ዜና ፍለጋ ወጥቶ ዘፈን ማግኘት፦ ያልታሰበ ሙዚቃ በሬዲዮ

ዛሬ ሬዲዮ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው ኤፍ ኤምን ነው። ሞባይላችን ላይ የጆሮ ማዳመጫ ሰክተን የምንከፍተው (ገመዱ አንቴና ሆኖ ስለሚያገለግል ያለ እሱ አይሠራም)፣ ታክሲ ውስጥ የምንሰማው፣ ፀጉር ቤት ሲጮህ የሚውለው እሱ ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ግን በዚያው ሬዲዮ ላይ ማንም ስለማይነካው ስለ ሌላኛው ቁልፍ ነው። ይኸውም መካከለኛና አጭር ሞገድ የሚባለው ሲሆን፣ እዚያ ላይ ሰው ሳያስበው የሌላ አገር ሙዚቃ ያገኛል። ነገሩ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የአገራችን ሰው ጆሮ የሱዳኑን፣ የሶማሌውን፣ የአሜሪካውን ዘፈን እንዴት ለመደው የሚለውን ጥያቄ ያለ ሬዲዮ መመለስ አይቻልም፤ መንገዱም በዓይናችን ፊት እየተዘጋ ነው።

ለመሆኑ «የዓለም ሙዚቃ» የሚባለው ምንድን ነው? ስያሜው እንደ ንግድ ስም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ለንደን ውስጥ ነው። የትንንሽ ሸክላ አሳታሚዎችና የሬዲዮ ሰዎች አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው፣ ከአፍሪካና ከሌሎችም አካባቢዎች የሚመጣውን ሙዚቃ ሱቆች በየትኛው መደርደሪያ ያስቀምጡት ብለው ተመካከሩና በዚህ ስም ተስማሙ። ከነዚህ መካከል ቻርሊ ጂሌት የሚባለው የሬዲዮ አቅራቢ ነበረበት፤ ይህ ሰው ኋላ ላይ በቢቢሲ ዓለም አቀፍ አገልግሎት ከየአገሩ የተሰበሰበ ሙዚቃ ሲያሰማ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ዐርፏል። እንግዲህ ስያሜው የመደርደሪያ ስያሜ ነው። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ፈረንሳይ የወጡት የ«ኢትዮፒክስ» ሲዲዎችም እዚያው ተደርድረዋል። ሙላቱ አስታጥቄ ለኛ ሙላቱ ነው፤ ለለንደኑ ባለ ሱቅ ግን የዓለም ሙዚቃ።

በኛ አገር ግን ነገሩ በሱቅ በኩል አልመጣም። የመጣው ዜና ሲፈለግ ነው። ዶይቸ ቬለ እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 የአማርኛ ስርጭት ከጀመሩ ወዲህ በየቤቱ ማታ ማታ የአጭር ሞገድ መቃኛውን ማዞር የተለመደ ሆነ። መቃኛው ደግሞ ቀጥታ ከተፈለገው ጣቢያ ላይ አይወድቅም። በመሃል ዐረብኛው አለ፣ ስዋሂሊው አለ፣ ፈረንሳይኛው አለ፣ ፉጨቱና ጩኸቱ አለ፤ በመካከሉም ዘፈን አለ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። የሱዳን ዘፈን ከሬዲዮው እኩል ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ «ጋሼ፣ ዐረብኛ ይችላሉ እንዴ?» ብላቸው፣ «ኧረ ምን ችዬ! እኛ የምንፈልገው ዜናውን ነበር ልጄ፤ ዘፈኑ መንገድ ላይ ነው የተቀላቀለን» አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ገለጻ በመጽሐፍም አላገኘሁም።

ምን ዘፈኑ ብቻ! የጣቢያዎቹ መለያ ዜማ ራሱ ትምህርት ነበር። ዶይቸ ቬለ ስርጭቱን ሊጀምር ሲል የሚያሰማት አጭር ዜማ ቤትሆቨን «ፊዴሊዮ» ለተባለው ኦፔራው ከደረሰው የተወሰደች ናት። የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ «ያንኪ ዱድል»ን ያሰማ ነበር። ቤትሆቨንን በስሙ የማያውቅ ስንት ገበሬና ወታደር ያችን ዜማ በፉጨት ያውቃት እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ፤ ማታ ሲሆን የሚሰማው ቀን የማይሰማው ለምንድን ነው? የኤፍ ኤም ሞገድ (ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ) እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ተራራ ይጋርደዋል፤ ወደ ሰማይ የወጣውም ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይመለስም። ሐዋሳ ደግሞ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት፤ ስለዚህ የሩቅ ኤፍ ኤም እዚህ ማስተላለፊያ ካልተተከለለት በስተቀር አይገባም። አጭር ሞገድ ግን የተለየ ጠባይ አለው። ከምድር በላይ ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ የፀሐይ ጨረር አየሩን በኤሌክትሪክ የሞላበት አዮኖስፌር የሚባል ንብርብር አለ። የላይኛው ክፍል አጭሩን ሞገድ እንደ መስታወት ወደ ምድር ይመልሰዋል፤ ምድርም መልሳ ወደ ላይ ታነጥረዋለች፤ እንዲህ እያለ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። የታችኛው ክፍል ደግሞ ቀን ቀን መካከለኛውን ሞገድ ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይሄ የታችኛው ንብርብር ስለሚጠፋ መካከለኛውም ሞገድ ከሩቅ አገር ሳይቀር መግባት ይጀምራል። ስለዚህ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ያ ዝም ያለ ቁልፍ በአንዴ ገበያ የሚሆነው አስማት ሆኖ አይደለም።

ከዚያ ገበያ ውስጥ ለኛ ጆሮ ቶሎ የሚገባው የኦምዱርማን ነው። የኦምዱርማን ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1940 የተቋቋመ ሲሆን ለሱዳን ዘፋኞች ዋናው መድረክ እሱ ነበር። መሐመድ ዋርዲ የሚባለው ታላቅ ኑቢያዊ ድምፃዊ ለመጀመሪያ ጊዜ በሬዲዮ የተሰማው እዚያው ነው፣ በ1957 (እ.ኤ.አ.)። ዋርዲ አዲስ አበባ ስታዲየም ሲዘፍን ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው ያዩት እስካሁን ያወራሉ። ታዲያ ቋንቋውን ሳናውቅ ለምን ወደድነው? እኔ የማምንበት መልስ ከቅኝቱ ነው የሚነሣው። ትዝታም በሉት ባቲ፣ አምባሰልም በሉት አንቺ ሆዬ፣ የኛ ዋና ዋና ቅኝቶች አምስት ድምፅ አላቸው። የመካከለኛውና የሰሜኑ ሱዳን ዘፈን በአብዛኛው እንደዚሁ ባለ አምስት ድምፅ ነው። ቋንቋው ዐረብኛ ይሁን እንጂ ዜማው የጎረቤት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ መቃኛውን ጥቂት ገፋ አድርጎ ካይሮ ላይ ማቆም ይበቃል። ኡም ኩልሱም ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያው ሐሙስ ማታ የምታቀርበው ኮንሰርት በካይሮ ሬዲዮ በቀጥታ ሲተላለፍ የዐረቡ ዓለም ሥራ ፈትቶ ያዳምጣት ነበር ይባላል። እሷ በ1975 ካረፈችም በኋላ ድምፅዋ ከሬዲዮ አልወረደም። ያም ቋንቋ ዐረብኛ፣ ይሄም ዐረብኛ። ሆኖም የሷ ዜማ በሰባት ድምፅ ላይ የቆመ፣ በድምፅና በድምፅ መካከል ደግሞ እኛ የሌለንን ሩብ ድምፅ የሚያስገባ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ሲሰማ ለኛ «ከቅኝት የወጣ» ይመስላል። እኔ ሙሉ አንድ ዘፈኗን ሳላቋርጥ ለመስማት ሳምንታት ፈጅቶብኛል፤ አንዱ ዘፈን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሄድ እንደሚችልም ልብ ይሏል። አሁን ግን እጠብቃታለሁ።

የሶማሌው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። የሀርጌሳ ሬዲዮ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የተቋቋመ ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሀርጌሳን በአውሮፕላን ሲደበድብ፣ የጣቢያው ሰዎችና የሙዚቃ ወዳጆች የተቀዱትን ቴፖች መሬት ቆፍረው ቀበሩ፤ ገሚሱንም ድንበር አሻግረው ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ አወጡ። ከነዚያ ቅጂዎች የተመረጡ ዘፈኖች በ2017 (እ.ኤ.አ.) በአልበም ታትመው ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደርሰዋል። የሶማሌም ዜማ በአብዛኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ ኡድ የሚባለው የክር መሣሪያ ሲገባበት ከሱዳኑ ጋር ዝምድናው ወዲያው ይሰማል። ጣቢያው በ41 ሜትር ባንድ፣ በ7120 ኪሎኸርዝ ሲያሰራጭ የቆየ ነው።

የምዕራቡም ሙዚቃ ቢሆን ብዙው በሬዲዮ ነው የገባው። አሥመራ የነበረው የአሜሪካኖች የቃኘው ጦር ሰፈር ለወታደሮቹ ብሎ የሚያሰራጨው ጃዝና ሶል የከተማዋን ወጣት ሙዚቀኞች እንዳስተማረ ይነገራል። ያ ሬዲዮ ለነሱ ተብሎ አልተከፈተም ነበር። አዲስ አበባም በበኩሏ አሰራጭ ነበረች፤ የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ ከ1963 እስከ 1977 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በብዙ ቋንቋ ለአፍሪካና ለእስያ ያሰራጭ ነበር። የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ ከ1965 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሊዮ ሳርኪስያን የመሠረተውን «ሚዩዚክ ታይም ኢን አፍሪካ» የተባለ ዝግጅት ነበረው፤ ሰውዬው መቅረጫ ተሸክሞ በአፍሪካ አገሮች እየዞረ የቀዳውን ለአፍሪካውያን መልሶ ያሰማ ነበር።

ይህ ሁሉ አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነው? ብዙ የአውሮፓ ጣቢያዎች ኢንተርኔት መጣ ብለው የአጭር ሞገድ ማሰራጫቸውን ዘግተዋል። ቢቢሲ የዐረብኛ ሬዲዮውን ከ85 ዓመት በኋላ በጥር 2015 ዓ.ም. አቆመ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ፈነዳ፤ ኢንተርኔቱና ስልኩ ሲቋረጥ ያው ቢቢሲ ለሱዳን ሕዝብ የአስቸኳይ ጊዜ ስርጭት ከፈተ፤ በምን? በአጭር ሞገድ! የኦምዱርማን ሬዲዮ ሕንጻ በበኩሉ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ወድቆ ቆይቶ ጦሩ ያስመለሰው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ታግደው አብዛኛው ስርጭት ተቋረጠ። እነዚህ ሁሉ ሁለት ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ውስጥ የሆኑ ናቸው።

«ስልክ እያለ ምን አስጨነቀህ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተከፈተው «ሬዲዮ ጋርደን» የሚባለው አገልግሎት ሉልን በጣት እያዞሩ የየከተማውን ጣቢያ ያሰማል፤ እኔም ጥቅል ሲኖረኝ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን እዚያ ከተማውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ዩቲዩብም ቢሆን ትናንት የወደድኩትን ዓይነት ነው ዛሬ መልሶ የሚያቀርብልኝ። ያላሰብኩት ነገር እንዴት ይምጣ?

ኤፍ ኤሞቻችን ይህን ክፍተት ሊሞሉት ይችሉ ነበር። ከ1992 ዓ.ም. የኤፍ ኤም አዲስ 97.1 መከፈት ወዲህ ጣቢያው በዝቷል። እዚህ ከተማችን በደቡብ ኤፍ ኤም 100.9 ላይ እንደተሰማው የየብሔረሰቡን ዘፈን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ያልታሰበ ሙዚቃ የግድ ከባሕር ማዶ መምጣት የለበትም፤ የዶርዜን የብዙ ድምፅ ዝማሬ ለመቅዳት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ድረስ መጥተዋል፤ ከኛ ውስጥ ስንቱ ሰምቶታል? ሻሸመኔም ከነሬጌዋ አፍንጫችን ሥር ናት። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ብዙ አዘጋጆች ዘፈን ይለቃሉ፣ ያልቃል፣ ማስታወቂያ ይገባል፤ የማን ዘፈን እንደሆነ የሚናገር የለም። ሰሚው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ጆሮውን ያቆመበት ዘፈን ያለ ስም ያልፋል፤ ስም ከሌለው ደግሞ ሁለተኛ አይገኝም። ከዘፈኑ በፊትም በኋላም የድምፃዊውን ስምና አገሩን መጥራት ዐሥር ሴኮንድ አይፈጅም። ከትምህርት ክፍላችን ወጥተው ማይክ ፊት የሚቀመጡ ስላሉ ነው ይህን እዚህ የምጽፈው።

መሞከር ለሚፈልግ፦ ኤስ ደብሊው የሚል ቁልፍ ያለው ትንሽ የቻይና ሬዲዮ ይበቃል፤ ከትልልቆቹ ቤት ደግሞ አሮጌው ሬዲዮ አልጋ ሥር አይጠፋም። ቀን ከሆነ 19 እና 16 ሜትር፣ ማታ 49፣ 41 እና 31 ሜትር አካባቢ በዝግታ ማዞር ነው። አምስት ስድስት ሜትር ሽቦ አንቴናው ላይ ጠምጥሞ በመስኮት ወደ ዛፍ መወጠር ልዩነቱ ብዙ ነው (ዝናብና መብረቅ ሲመጣ ግን ወዲያው ይነቀል)። የስልክ ቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል ጣቢያውን በጩኸት ይበክሉታልና ይራቁ። እንዲያውም የመጨረሻው ጥሩ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም የሬዲዮው ሹክሹክታ ሁሉ ይጠራል። ድንጋይ ገዝቶ ማስቀመጥ እንዳይረሳ።

እኔ የሰማሁትን በደብተር እጽፋለሁ፤ ሰዓቱን፣ ሜትሩን፣ ቋንቋው ከገባኝ ቋንቋውን፣ ስለ ዜማው አንድ ሁለት ቃል። አብዛኛው ገጽ ላይ የድምፃዊው ስም ቦታ ባዶ ነው። በተለይ ከመተማ፣ ከአሶሳና ከጅግጅጋ የመጣችሁ ተማሪዎች እነዚህን ዘፈኖች ከቤታችሁ እንደምታውቋቸው እገምታለሁ፤ በስልክ የቀዳኋቸው አሥራ ሰባት ስላሉ መጥታችሁ ስማቸውን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።