መብራት መጥፋቱ የማብሪያ ማጥፊያ ቅየራን ከአደጋ ነጻ አያደርግም

ጎንደር፦ በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ዞን ደጋማ ከተሞች በዳባትና በደባርቅ የመብራት መቋረጥን ማብሪያ ማጥፊያ ለመቀየር እንደ ምቹ ጊዜ መቁጠር ለሕይወት አደጋ ይዳርጋል። ኃይሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲመለስ 220 ቮልት የተሸከመው ሽቦ በእጅ ላይ ሊሆን ይችላልና።

በመሆኑም በቅድሚያ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ብሬከር ማጥፋትና ሌላ ሰው እንዳያበራው ማሳወቅ ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤት ብሬከሩ ከክፍሉ ሊርቅ ስለሚችል «ሰው እየሠራ ነው» የሚል ጽሑፍ መለጠፍ ይገባል።

ቴስተሩ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ከተሞከረ በኋላ ብሬከሩ ጠፍቶ ሽቦዎቹ በሙሉ ይፈተሻሉ። መብራት በሌለበት ሰዓት ግን የቴስተሩ አለመብራት ትክክለኛው ብሬከር መጥፋቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ ሥራው ኃይል እስኪመለስ መቆየት ይኖርበታል።

በማብሪያ ማጥፊያው ማለፍ ያለበት ፌዙ ሲሆን፣ ኒውትራሉ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ይህ ተገላቢጦሽ ከሆነ መብራቱ ቢጠፋም በአምፖል መያዣው ላይ ኃይል ስለሚቀር አምፖል የሚቀይረውን ሰው ሊይዝ ይችላል። የሽቦ ቀለም ብቻውን ማረጋገጫ ባለመሆኑ፣ አሮጌው ከመፈታቱ በፊት በየሽቦው ላይ ምልክት ማድረግ ያሻል።

በሚገባ ያልጠበቀ ብሎን ሽቦውን ያግላል። ይህም በተለይ በእንጨትና ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ለተሠሩ ቤቶች የእሳት መነሻ ሊሆን ይችላል።

ቆጣሪውና ከእርሱ በፊት ያለው መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ በመሆኑ ደንበኛው ሊነካው አይገባም፤ ብልሽት ሲያጋጥም በ905 ማሳወቅ ይቻላል።