የዛንዚባር ምሽት ለማን ይመሻል?

ዛንዚባር ከታንዛኒያ ጠረፍ በስተምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ የደሴቶች ስብስብ ናት። ዑንጉጃ እና ፔምባ ዋና ዋናዎቹ ደሴቶች ሲሆኑ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2022 በተካሄደው ቆጠራ ወደ 1 ነጥብ 9 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመዝግቦባቸዋል። በ2024 ደግሞ ከ700 ሺህ በላይ የውጭ ጎብኚዎችን አስተናግደዋል።

ጎብኚ ቀኑን በባሕርና በአሸዋ ላይ ያሳልፋል፤ ሲመሽ ግን መብላት፣ ሙዚቃ መስማትና መጫወት ይሻል። ለዚህ የሚያወጣው ገንዘብ ገበሬውና ዓሣ አስጋሪው ዘንድ መድረስ አለመድረሱ በአብዛኛው የሚወሰነው ምሽቱን በሚያሳልፍበት ቦታ ነው። በደሴቲቱ ሁለት ዓይነት ምሽት አለ። አንደኛው በከተማዋ አደባባይ የሚደምቀው ሲሆን፣ ሌላው ከሆቴል አጥር ውስጥ የማይወጣው ነው።

ሰዓቱ እንደ ኢትዮጵያ ነው

ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደ ኢትዮጵያውያን ከፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ጀምረው ነው። ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሞላት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ከጠለቀች አንድ ሰዓት ሲሞላት ደግሞ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይላሉ። ደሴቲቱ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ስለዚህ ፀሐይ ዘወትር ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ የምሽቱ ገበያም የሚደራው በዚያው ሰዓት ነው።

የፎሮዳኒ የምግብ ገበያ

የዑንጉጃ ጥንታዊ ከተማ ስቶን ታውን በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከባሕሩ ዳር፣ ሱልጣኖቹ በ1883 ካሠሩት "የድንቅ ነገሮች ቤት" ከሚባለው ሕንጻ ፊት ለፊት የፎሮዳኒ መናፈሻ ይገኛል። መናፈሻው በአጋ ካን የባህል ተቋም ታድሶ በ2009 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል።

ቀን ላይ መናፈሻው የመቀመጫና የጥላ ቦታ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወጣቶች ከባሕሩ ግንብ ላይ እየተንደረደሩ ወደ ውኃው ይዘላሉ፤ ምግብ ሻጮችም ጠረጴዛቸውን ደርድረው ፍም ያቀጣጥላሉ። ኦክቶፐስ የሚባለው ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ፣ ዓሣና በእንጨት የተሰካ ሥጋ ይጠበሳል። የሸንኮራ አገዳ በመጭመቂያ ውስጥ እያለፈ ከዝንጅብልና ከሎሚ ጋር ይጠጣል። "የዛንዚባር ፒዛ" የሚሉት ደግሞ በስሱ የተዳመጠ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ሥጋ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ታጥፎበት በምጣድ የሚጠበስ ነው። የከተማው ነዋሪ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ኡሮጆ የተባለውን ሾርባ ነው። ኡሮጆ በማንጎና በሎሚ የሚኮመጥጥ ሲሆን፣ ድንችና የተጠበሰ ካሳቫ ይገባበታል።

ገበያው ለጎብኚ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም። የከተማው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመጣል፤ ከውጭ እንግዳው ጎን ተቀምጦም ይበላል። ዋጋ አስቀድሞ መጠየቅና መከራከር የተለመደ ነው። ነዋሪው ለእንግዳ የሚሰጠው ምክርም አለ፤ ካለፈው ምሽት ያደረ ዓሣ እንዳይገጥመው ሰው የሚበዛበትን ጠረጴዛ እንዲመርጥና ምግቡ ፊቱ ላይ በደንብ እንዲበስልለት ያሳስበዋል።

ታዓራብ፦ ከቤተ መንግሥት ወደ ሕዝብ

የምሽቱ ሌላው ገጽታ ታዓራብ የተሰኘው ሙዚቃ ነው። ከ1870 እስከ 1888 የገዛው ሱልጣን ባርጋሽ ይህን ሙዚቃ ከግብጽ እንዳስመጣና አንድ ሙዚቀኛም ወደ ካይሮ ልኮ እንዳስተማረ ይነገራል። ዑድ፣ ቃኑን፣ ቫዮሊንና አኮርዲዮን ዋና ዋና መሣሪያዎቹ ናቸው። በመጀመሪያ በዓረብኛ ለቤተ መንግሥት ብቻ ይቀርብ ነበር።

ሙዚቃውን ወደ ሕዝቡ ቋንቋ ካመጡት መካከል ስሟ ጎልቶ የሚነሣው ሲቲ ቢንቲ ሳዓድ ናት። ከድሃ የገጠር ቤተሰብ ተወልዳ ሸክላ ትሸጥ የነበረችው ይህች ሴት በስዋሂሊ ማዜም ጀመረች። በ1928 በሕንድ ቦምቤይ ድምፅዋን በሸክላ አስቀርጻለች። በ1905 የተመሠረተው የናዲ ኢኽዋን ሳፋ ቡድን ዛሬም ድረስ ዘልቋል። በታዓራብ ምሽት አድማጮች፣ በተለይም ሴቶች፣ ስንኙ ልባቸውን ሲነካው እየተነሡ ዘፋኙን ገንዘብ ይሸልማሉ፤ አዝማሪ ሲሸልም ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ከመናፈሻው አጠገብ ያለው አሮጌው ምሽግም የኪነ ጥበብ መድረክ ሆኗል። ከ2004 ጀምሮ በየካቲት ወር የሚካሄደው "ሳውቲ ዛ ቡሳራ" የተሰኘ የሙዚቃ ፌስቲቫል ከመላው አፍሪካ ሙዚቀኞችን ያሰባስባል። ይሁን እንጂ የ2016 ዝግጅት በገንዘብ እጥረት ተሰርዟል። የጎብኚ ቁጥር መጨመር ብቻውን ለኪነ ጥበብ ዋስትና እንደማይሆን ይህ ያሳያል።

ጨረቃ፣ ባሕርና ጭፈራ

በምሥራቁ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ርቆ ይሸሻል። በሰሜን ጫፍ ባሉት በኑንጉዊ እና በኬንድዋ ግን ውኃው ብዙም ስለማይርቅ አሸዋው ላይ ቀንም ሌሊትም መዋል፣ ማምሸት ይቻላል። የጭፈራ ቤቶችና መጠጥ ቤቶች በዚያ የበዙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኬንድዋ በተለይ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ሰሞን በሚካሄደው ጭፈራ ትታወቃለች።

ለዓሣ አስጋሪው የጨረቃ ትርጉም ሌላ ነው። ዳጋ የሚባሉትን ትናንሽ ዓሣዎች የሚያጠምዱት ጀልባዎች ሌሊት በመብራት ዓሣውን ወደ መረባቸው ይስባሉ። ይህ የሚሠራው ጨለማ ሲሆን ነው፤ ጨረቃ ስትደምቅ መብራቱ ኃይል ያጣል። ስለዚህ ጎብኚው በሚጨፍርበት የሙሉ ጨረቃ ሰሞን አስጋሪው ያርፋል፤ ጨለማ ሲሆን ደግሞ እሱ ወደ ሥራው ይወጣል።

መብራት ሲጠፋ

ዑንጉጃ ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከዋናው ምድር በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ ነው። በታኅሣሥ 2009 ያ መስመር ተበላሽቶ ደሴቲቱ ለሦስት ወር ያህል በጨለማ ውስጥ ቆይታለች። ትልልቅ ሆቴሎች በናፍጣ ጄኔሬተር ምሽታቸውን አስቀጠሉ። አነስተኛ ነጋዴዎች ግን ማቀዝቀዣቸው ሥራ በማቆሙ ዓሣና ሥጋ ማቆየት አልቻሉም። የምሽት ኢኮኖሚ በኃይል አቅርቦት ላይ ምን ያህል እንደሚንጠለጠልና ጉዳቱም በሁሉም ላይ እኩል እንደማይወድቅ ያ ወቅት አሳይቷል።

እምነትና መዝናኛ

ከደሴቲቱ ነዋሪ እጅግ አብዛኛው ሙስሊም ነው። መጠጥ በፈቃድ በሆቴሎችና በተወሰኑ ቤቶች ይሸጣል። ጎብኚዎች በከተማው ሲዘዋወሩ ትከሻና ጉልበታቸውን እንዲሸፍኑ ይጠየቃሉ። በረመዳን ወር ቀን ላይ በአደባባይ መብላት ነውር ነው፤ የመናፈሻው ገበያም የሚደምቀው ከማፍጠሪያ በኋላ ነው። ጎብኚው መዝናናቱን፣ ነዋሪው ደግሞ ሥርዓቱን ይፈልጋል። ፎሮዳኒ ሁለቱን ማስታረቅ የቻለው ዋናው መስህቡ ምግብ፣ ነፋሻ አየርና ጨዋታ በመሆኑ ነው።

ገንዘቡ የት ይደርሳል?

ዛንዚባር ለረጅም ዘመን የኖረችው በቅርንፉድ ነበር፤ ዛሬ የውጭ ምንዛሪ ዋና ምንጯ ቱሪዝም ነው። ይህ ለውጥ ገበሬውን ሙሉ በሙሉ አልያዘውም። ሆቴሎች ከሚጠቀሙት አትክልትና ፍራፍሬ ብዙው ከዋናው ምድር ወይም ከውጭ አገር ይገባል። ሆቴል በየቀኑ ተመሳሳይ መጠንና ጥራት ይፈልጋል፤ ክፍያውንም ብዙ ጊዜ ያቆያል። ማቀዝቀዣ የሌለው፣ ማሳው ጠባብና ዝናብ ጠባቂ የሆነ ገበሬ ይህን ማሟላት ይከብደዋል። ምግብና መጠጥ ከመኝታው ጋር በአንድ ዋጋ በሚሸጥበት ሆቴል ያረፈ ጎብኚ ደግሞ ምሽቱን ከአጥሩ ሳይወጣ ሊጨርሰው ይችላል።

የፎሮዳኒ ሻጭ የሚገዛው በተለየ መንገድ ነው። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ በጥቂቱ፣ በእጅ በእጅ ይገዛል። ጥቂት እስር የሸንኮራ አገዳ፣ አንድ ቅርጫት ሎሚ፣ ጥቂት ካሳቫ ያመጣ ገበሬም ለዚህ ገበያ ብቁ ነው። ባሕሩ ሲሸሽ በእግራቸው ወጥተው በድንጋዩ መካከል ኦክቶፐስ የሚይዙ የገጠር ሴቶችም ያገኙት ምርት ገዢ አያጣም።

ለዚህ ነው በዛንዚባር የምሽት መዝናኛ ጉዳይ የጭፈራና የመጠጥ ጉዳይ ብቻ የማይሆነው። ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ መብራትና ንጽሕና ያልተለየው አንድ አደባባይ እስካለ ድረስ ከእንግዳው ኪስ የሚወጣው ገንዘብ ወደ ማሳውና ወደ ጀልባው የሚደርስበት መንገድ ይኖራል። እንግዳው ምሽቱን ከአጥር ውስጥ ሲጨርሰው ግን መንገዱ ይጠባል፤ የጎብኚው ቁጥር ቢጨምርም ለገበሬው የሚተርፈው በዚያው ልክ አይጨምርም።