ከፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ፦ ትንሿ ሰሌዳ ምን ያህል ትሸከማለች?

ከዋና መንገድ ርቀው በሚገኙ የአገራችን መንደሮች፣ ሲመሽ በየቤቱ የሚታየው ብርሃን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ መልኩን እየለወጠ መጥቷል። ቀድሞ ተማሪው የሚያጠናው ዐይን በሚያስለቅስ የኩራዝ ጭስ ውስጥ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቤቶች ኩራዙን የተካው ጣሪያ ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ የሚሠራ አምፖል ነው። ለመሆኑ ይህ ሰሌዳ እንዴት ይሠራል? አቅሙስ እስከ ምን ድረስ ነው?

ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤክሬል ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ እንደሚችል ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1839 ነበር። ሆኖም ግን ለሥራ የሚበቃ የሲሊከን ሴል የተሠራው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ነው። ያ ሴል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር፤ ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት ሰሌዳዎች ብዙዎቹ 20 በመቶ ይደርሳሉ። ዋጋውም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ለአንድ ዋት በአሥሮች ዶላር ይቆጠር ነበር፤ አሁን ከግማሽ ዶላር በታች ወርዷል። ለመስፋፋቱ ዋነኛው ምክንያት ይኸው ነው።

በሴሉ ውስጥ በአንድ ወገን ጥቂት ፎስፈረስ፣ በሌላው ወገን ጥቂት ቦሮን ሲሊከኑ ውስጥ ይገባል። በሁለቱ ወሰን ላይም የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። ከ1.1 ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ጉልበት ያለው ፎቶን ሲሊከኑን ሲመታ አንድ ኤሌክትሮን ከእስሩ ይፈታል፤ መስኩም ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋዋል። ሽቦ ከተዘረጋለት በውጭ በኩል ዞሮ አምፖሉን አብርቶ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ሰሌዳው የሚሠራው በሙቀት ሳይሆን በብርሃን ነው። እንዲያውም የሰሌዳው ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር አቅሙ በ0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ እኩል ብርሃን ቢያገኙ፣ ደብረ ብርሃን ላይ የተተከለው ሰሌዳ አፋር ላይ ከተተከለው ይልቅ ብዙ ያመነጫል። (ስሟም እንደ አጋጣሚ ይስማማል።)

አሁን ስሌቱን እንመልከት። በአገራችን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ያርፋል። ባለ 50 ዋት ሰሌዳ እንግዲህ በቀን 250 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ በሽቦ፣ በአቧራና በባትሪ የሚባክነው 30 በመቶ ነው ብንል 175 ይቀራል። ባለ 5 ዋት ሦስት አምፖሎች ለ5 ሰዓት 75፣ ሬዲዮ 20፣ ሁለት ሞባይል ስልኮች 20፣ ባጠቃላይ 115 ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። ይበቃል። ነገር ግን ባለ 40 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ቢጨመር ፍላጎቱ 275 ይሆናል፤ ጉድለቱም በየምሽቱ ከባትሪው ይወሰዳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ባለ 12 ቮልት 50 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ 600 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ነገር ግን በተደጋጋሚ ከግማሽ በታች ከተራቆተ ዕድሜው በእጅጉ ያጥራል። መቆጣጠሪያው ኃይሉን ሲያቋርጥ ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር ማገናኘት የተለመደ ጥፋት ነው። ሰሌዳው 25 ዓመት ሊያገለግል ሲችል ባትሪው በሁለተኛው ክረምት፣ ደመናው ሲበረታ፣ ይሞታል። ባለቤቱም "ሶላር አይረባም" ብሎ ወደ ኩራዙ ይመለሳል።

በጤና ኬላ ግን ኪሳራው ከዚህ ይከብዳል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበትና፣ ባትሪው አንድ ሌሊት ቢደክም የአንድ ቀበሌ ሕፃናት ድርሻ ሊበላሽ ይችላል። በዚህ ምክንያት ዛሬ እየተስፋፉ ያሉት የክትባት ማቀዝቀዣዎች ባትሪውን ጨርሶ ትተውታል፦ ቀን በሰሌዳው ኃይል በረዶ ይሠራሉ፣ ሌሊቱን በዚያው በረዶ ያሳልፋሉ።