መብራቱ በራ ተብሎ ሴንሰር አይገዛም
ሐረር፦ ለብዙ ዓመታት የሐረር ታክሲ ሲባል ፔጆ 404 ማለት ነበር። ካርቡሬተር ስለሆነ በሽታው በጆሮ ይሰማል፤ የካንዴላው ቀለምም የቤንዚኑን መብዛትና ማነስ ይናገራል። ዛሬ በጀጎል ዙሪያ የሚሽከረከሩት ቪትዝና ኮሮላ ግን ዳሽቦርዳቸው ላይ ቢጫ የ"ቼክ ኢንጂን" መብራት አብርተው ዝም ይላሉ።

መብራቱን ከሚያበሩት ነገሮች አንዱ የኦክስጂን ሴንሰር ነው። በጭስ ማውጫው ላይ ተተክሎ በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጂን ይለካል፤ የመኪናው ኮምፒውተርም በዚያው መሠረት ቤንዚኑን ይመጥናል። ሴንሰሩ ከታመመ መኪናው ነዳጅ ይበላል፤ ውሎ አድሮም ውዱን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሊያበላሽ ይችላል።

ሆኖም በምርመራ የሚወጣው ኮድ የሚጠቁመው ችግሩ የታየበትን መስመር እንጂ የሞተውን ዕቃ አይደለም። "ፒ 0135" የሴንሰሩ ማሞቂያ መስመር ነው፤ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ሊሆን ይችላል። "ፒ 0171" ከሆነ በመጀመሪያ አየር የሚያስገባ የተሰነጠቀ ቱቦ ይፈለግ። የተለመደው ዓይነት ጤነኛ ሴንሰር ሞተሩ ሲሞቅ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ይዋልላል፤ አንድ ቦታ ከቆመ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሁሉ አንድ ተንኮል ይወቅ፦ የባትሪ ገመድ መንቀል መብራቱን ያጠፋል፤ በሽታውን ግን አያድንም። ስለዚህ ቁልፉን ሲከፍቱ መብራቱ መብራቱን፣ ሞተሩ ሲነሳም መጥፋቱን ይዩ። ቢቻል ድሬዳዋ ደርሶ መልስ ነድተው በኮምፒውተር ያስመርምሩ፤ ቀብዱ ከዚያ በኋላ ይድረስ።