አባት ሲያረጅ፣ መኪናው ሲወደድ
በዕድሜ ለገፉ ባለመኪኖችና ለቤተሰቦቻቸው ስለ መድን ዋጋ መናር



በአሶሳና በአካባቢዋ መኪና ለብዙ ቤተሰብ የክብር ጌጥ አይደለም፤ ጉሮሮ የሚደፈንበት ንብረት ነው። ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር ወይም ሲነግድ የኖረ አባት ሥራውን ሲያቆም በእጁ የምትቀረው ያቺ የቆየች ቶዮታ ወይም አይሱዙ ናት። በእርሷ ማንጎ ይጫናል፤ ወደ ባምባሲ፣ ወደ ሆሞሻና ወደ ኩርሙክ ዕቃ ይላካል፤ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ ታማሚም በእኩለ ሌሊት ሐኪም ቤት ይወሰዳል። የዚህች መኪና የመድን ክፍያ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየከበደ መጥቷል። ውሉን ሊያድስ የሄደ ሽማግሌ የዘንድሮውን ዓረቦን ሰምቶ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ብዙ አባቶች «ስላረጀሁ ነው የጨመሩብኝ» ሲሉ ይሰማል። ይህ አባባል በውጭ አገር እውነትነት አለው። በእኛ አገር ግን ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ምክንያቱን ሳያውቁ የሚወሰድ መፍትሔ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከችግሩ የባሰ ኪሳራ ያስከትላል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

በውጭ አገር የሹፌሩ ዕድሜ ይቆጠራል

በእንግሊዝ አገር ከፍተኛውን ዓረቦን የሚከፍሉት ወጣቶች ናቸው። ሰውየው በዕድሜና በልምድ እየበሰለ ሲሄድ ክፍያው ይቀንሳል፤ 70 ዓመትን ከተሻገረ በኋላ ግን እንደገና ወደ ላይ መውጣት ይጀምራል። መንጃ ፈቃዱንም ከ70 ዓመቱ ጀምሮ በየ3 ዓመቱ ማደስ አለበት። ኩባንያዎቹ የሚሰጡት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዕድሜ ሲገፋ ዓይን ይደክማል፤ እጅና እግርም ፈጥነው አይታዘዙም። ሁለተኛ፣ ወጣቱ በቁስል የሚያመልጠው ግጭት አረጋዊውን ለከባድ ጉዳት ይዳርገዋል።

ይህ አሠራር ግን በሁሉም ዘንድ ተቀባይነት የለውም። በአሜሪካ የሃዋይ ግዛት ኩባንያዎች ዓረቦንን በዕድሜ እንዳይወስኑ ሕግ ይከለክላል። በማሳቹሴትስ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ጭማሪ ሳይሆን የ25 በመቶ ቅናሽ እንዲያገኙ ተደንግጓል። በካሊፎርኒያ ሕዝቡ በ1988 እ.ኤ.አ. በድምፁ ያጸደቀው ሕግ በቅድሚያ የሚያስቆጥረው የሹፌሩን የአነዳድ ታሪክ፣ በዓመት የሚነዳውን ርቀትና የልምዱን ዘመን ነው። እንግዲህ ውጭ አገር ያለው ልጃችን በስልክ «አባዬ፣ እዚህ ሽማግሌ ብዙ ይከፍላል» ቢለን የሚነግረን የዚያን አገር ወግ ነው ማለት ነው።

በእኛ አገር የሚቆጠረው መኪናው ነው

በአገራችን አንድ ባለመኪና የሚገባው ውል በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ሲሆን ዓረቦኑ የሚሰላው በተሽከርካሪው ዓይነትና አገልግሎት ነው። ሁለተኛው በፈቃድ የሚገባው፣ በተለምዶ «ፉል ኢንሹራንስ» የሚባለው ሙሉ ዋስትና ነው። የዚህኛው ዓረቦን በዋናነት የሚሰላው መኪናው ከተገመተበት ዋጋ ላይ በመቶኛ ነው። የዋጋው ንረት ያለው እዚህ ላይ ነው።

በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ይረክሳል። በእኛ አገር ግን ያረጀ መኪና ሲወደድ አየን። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ከውጭ ማስገባት እጅግ ውድ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ቀድሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚህ ሁሉ ምክንያት የመለዋወጫውም የመኪናውም ዋጋ ወደ ላይ ወጣ።

ለምሳሌ ያህል አንዲት መኪና ቀድሞ 600 ሺህ ብር ታወጣ ነበር እንበል። ዓረቦኑ ከዋጋው 2 በመቶ ቢሆን ባለቤቷ የሚከፍሉት 12 ሺህ ብር ነው። ያቺው መኪና ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር ብትገመት መቶኛው ባይነካም ክፍያው 40 ሺህ ብር ይሆናል። የጨመረው የአባት ዕድሜ ሳይሆን የመኪናዋ ዋጋ ነው። ጡረታውና የማሳው ገቢ ግን በዚያው ልክ አላደገም። ጭማሪው በወጣቱም በሽማግሌውም ላይ አንድ ሆኖ ሳለ በሽማግሌው ላይ የሚከብደው ለዚህ ነው።

የአሶሳ መንገድ ያለው ድርሻ

በዚህ ላይ የቦታው ርቀት ይጨመራል። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። መለዋወጫ የሚመጣው በነቀምት፣ በጊምቢና በመንዲ በኩል ያለውን ረጅም መንገድ አቋርጦ ነው። ትልቅ ጥገና የሚያስፈልገው መኪናም ተጭኖ ወደ መሐል አገር የሚሄድበት ጊዜ አለ። ክረምቱ ረጅም ነው፤ የወረዳ መንገዶችም በጭቃ ይበላሻሉ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. በካማሺ፣ ከዚያም በመተከል የደረሰው ግጭት ሰውንም መንገድንም እንደጎዳ ሁላችንም እናውቃለን። የተለመደው የመኪና መድን ውል ግን ጦርነትን፣ አመፅንና ሁከትን አይሸፍንም። መኪናው በእንዲህ ያለ ሁከት ቢቃጠል ካሳ የሚገኘው ለፖለቲካ ሁከትና ለሽብር የሚሰጠው ተጨማሪ ዋስትና ተገዝቶ ከነበረ ብቻ ነው። «ሙሉ» የሚለውን ቃል ሰምተው ሁሉ ነገር የተሸፈነ የሚመስላቸው አባቶች ይህን ጠይቀው ቢረዱ መልካም ነው።

ዋጋ ማሳነስ የሚያስከትለው ኪሳራ

ዓረቦን ሲወደድ ብዙ ሰው የሚሄድበት አቋራጭ የመኪናውን ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ ነው። ነገር ግን 2 ሚሊዮን ብር የምታወጣ መኪና በ1 ሚሊዮን ብር ብቻ ከተመዘገበች ኩባንያው የባለቤቱን ንብረት ግማሹን ብቻ ዋስትና እንደሰጠው ይቆጥራል። መኪናዋ ተጋጭታ የ200 ሺህ ብር ጥገና ቢያስፈልጋት የሚከፈለው 100 ሺህ ብር ይሆናል፤ ከዚያም ላይ ባለቤቱ በውሉ መሠረት የሚሸከመው ድርሻ ይቀነሳል። በዓረቦን የተረፈችው ጥቂት ሺህ ብር በአንድ ቀን መቶ ሺህ ታስከፍላለች።

አብልጦ ማስመዝገብም አይጠቅምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ እንደሚለው ካሳ ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ካለው ዋጋ አይበልጥም። መድን ጉዳትን ለመጠገን እንጂ ለማትረፍ አልተፈጠረም። እንግዲህ የሚበጀው እውነተኛውን ዋጋ በየዓመቱ አስገምቶ ማስመዝገብ ነው።

ዕድሜ ችግር የሚሆነው የት ላይ ነው?

ከላይ እንዳልነው በእኛ አገር ዓረቦኑን የሚያስወድደው በዋናነት ዕድሜ አይደለም። ካሳን የሚያስከለክሉ ክፍተቶች ግን ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከዕድሜ ጋር ነው።

የመጀመሪያው መንጃ ፈቃድ ነው። ከቤት ብዙ የማይወጡ አባት የማደሻው ቀን ማለፉን ላያስተውሉ ይችላሉ። ጊዜው ባለፈ ፈቃድ ሲነዱ አደጋ ከደረሰ ኩባንያው የመኪናውን ካሳ ሊከለክል ይችላል። ሁለተኛው መሪውን የሚይዘው ሰው ነው። ዓይናቸው የደከመ አባት ቁልፉን ፈቃድ ለሌለው የልጅ ልጅ ቢሰጡ ውጤቱ ያው ነው። ሦስተኛው የመኪናው አገልግሎት ነው። በኮድ 2 የተመዘገበች የቤት መኪና በገበያ ቀን ሰው በክፍያ ከጫነች ከውሏ ውጭ ወጥታለች። አራተኛው ስም ነው። ባለቤቷ የሞተባት እናት ሊብሬውንና የመድን ውሉን ሳታዛውር ብትቆይ በአደጋ ጊዜ ክርክር ሊነሳባት ይችላል።

የዓይን ሞራ፣ የስኳር በሽታና እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒትም ቀላል ነገሮች አይደሉም። ፈቃድ ሲታደስ የሚደረገውን የጤና ምርመራ እንደ ወረቀት ጣጣ ሳይሆን እንደ ነፍስ ጥበቃ ማየት ይገባል። ሲጠየቁ እውነቱን መናገርም አማና ነው፤ ሆን ብሎ መደበቅ በሕጉም ውሉን ያፈርሳል።

የተጎጂው ሐቅ

ብዙ ጊዜ የምንጨነቀው ለመኪናችን ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ግን የቆመው በመንገድ ላይ ለሚያልፈው ሰው ነው። የ2000 ዓ.ም. አዋጅ ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ከ5 ሺህ ያላነሰና ከ40 ሺህ ያልበለጠ ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት እስከ 100 ሺህ ብር ወስኖ ነበር። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዱ ሰዎችም የመድን ፈንድ አቋቋመ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2 ሺህ ብር እንዲሸፈን አደረገ።

የካሳው ጣሪያ ሊሻሻል ስለሚችል ውል ሲታደስ ወቅታዊውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት ግን በባለንብረቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋልና። አንድ ሽማግሌ ቤቱንና ማሳውን በዚህ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ ቢያጥር ከሦስተኛ ወገን መድን በላይ ለሚደርስ ኃላፊነት የሚገዛውን ተጨማሪ ሽፋን ዋጋ መጠየቅ ከመስታወትና ከቀለም በፊት ይቀድማል።

ለሙስሊም ቤተሰብ ይህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። በስህተት ለጠፋ ሕይወት የሚከፈለውን ዲያ ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ዓቂላ የሚባሉት ወገኖቹ ተጋግዘው እንዲሸከሙ ሸሪዓችን ደንግጓል። በአላህ ላይ መመካት ጥንቃቄን እንደማያስቀርም የግመሏን ሐዲስ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

ስለ ተካፉል

ብዙ አባቶች ሙሉ ዋስትና ከመግባት የሚቆጠቡት ዋጋውን ብቻ ፈርተው አይደለም፤ ሪባና ገረር እንዳይኖርበት ሰግተውም ነው። የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. በጅዳ ባደረገው ጉባኤ የንግድ መድንን ከልክሎ በመረዳዳት ላይ የቆመውን መድን አማራጭ አድርጎ አቅርቧል። ከዚያ በፊትም ጎረቤታችን ሱዳን በ1979 እ.ኤ.አ. ኢስላማዊ የመድን ኩባንያ በማቋቋም ቀዳሚ ሆናለች። በአሠራሩ አባላት መዋጮአቸውን ለጋራ መረዳጃ ይሰጣሉ፤ ኩባንያው የሥራ ክፍያ ይወስዳል፤ ትርፍ ሲኖር ለአባላቱ ሊመለስ ይችላል። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. ተካፉልን የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። ተካፉል ሁልጊዜ ርካሽ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ኅሊናን የሚያሳርፍ በር ነው። በሕግ ግዴታ ስለሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የሚጠራጠር ካለ የአካባቢውን ዑለማ ይጠይቅ።

በቤተሰብ ደረጃ ምን ይደረግ?

ውሉ ከማለቁ ከአንድ ወር በፊት ልጆች ከአባት ጋር ይቀመጡ። የመኪናውን እውነተኛ ዋጋ ያስገምቱ፤ ከሁለትና ከሦስት ኩባንያ ዋጋ ይጠይቁ። አባት ለዓመታት ያለ አደጋ የነዱ ከሆነ ቅናሹን ይጠይቁ፤ ይህ የእርጋታቸው ዋጋ ነውና ሊቀርባቸው አይገባም። ትንንሽ ጉዳቶችን ራስ ለመሸከም መስማማት ዓረቦኑን ያቀልላል። አደጋ ሲደርስ ሳይዘገዩ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ የንግድ ሕጉ የሰጠው ጊዜ 5 ቀን ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ አባት መንዳት የሚያቆሙበት ቀን ሲደርስ ነገሩ በአክብሮት ይሁን። ቁልፉን መንጠቅ ያዋርዳቸዋል፤ «እኔ ልንዳልዎ፣ እርስዎ መንገዱን ይምሩኝ» ማለት ግን ያከብራቸዋል። ዓረቦኑን በመዋጮ መሸፈንም ለወላጅ በጎ ከመዋል የሚቆጠር ነው። በዚያች መኪና ያደግነው፣ የተማርነውና የታከምነው እኛው ነንና።

አላህ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን በዕድሜና በጤና ያቆይልን፤ በመንገድ ላይ ያለውንም ሁሉ በሰላም ወደ ቤቱ ይመልስልን። አሚን።