ያለ ወለድ መነሻ ካፒታል ለማግኘት

በኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሚሠሩ ሠራተኞች ምሳ ለማቅረብ ያሰበ ወጣት አለ እንበል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ግን የለውም። የወለድ ብድር ሐራም ስለሆነ አይፈልገውም፤ የሚያስይዘው ቤትም የለውም። ታዲያ ምን አማራጭ አለው?

በ2013 ዓ.ል ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራ ባንክም ተከትሏል። በእነዚህ ባንኮች በብዛት የሚሠራበት ሙራበሃ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፍ ጨምሮ፣ በዱቤ ይሸጣል። ምድጃና ፍሪጅ ለመግዛት ይጠቅማል። ሥራው ቢከስር ግን ዕዳው አይቀርም።

ለጀማሪ የሚቀለው ሙዷረባ ነው። አንድ የደሴ ነጋዴ 300 ሺህ ብር ያወጣል፤ ወጣቱ ይሠራል። ትርፉን 60 ለ40 ለመካፈል ከተስማሙና 100 ሺህ ብር ከተገኘ፣ 60 ሺው የነጋዴው፣ 40 ሺው የወጣቱ ነው። ያለ ወጣቱ ጥፋት ከከሰረ የገንዘቡ ኪሳራ በነጋዴው ላይ ነው፤ ወጣቱም ልፋቱ ከንቱ ይቀራል። ሁለቱም ገንዘብ ካዋጡ ሙሻረካ ይሆናል፤ ኪሳራውንም እንደየመዋጯቸው ይሸከማሉ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለገንዘቡ «ተረፈም ከሰረም በየወሩ 10 ሺህ ስጠኝ» ካለ፣ ስሙ ሽርክና ቢሆንም ነገሩ ወለድ ነው።

ስለዚህ ባለሀብት ዘንድ ስትቀርቡ የወጪና የገቢ ስሌት ያዙ። የትርፍ ድርሻው በመቶኛ ይወሰን፤ ሒሳቡም በየወሩ ይታይ። ዘመድ ቢሆንም ውሉን ጽፋችሁ አስመስክሩ። አላህ በረካ ያድርግላችሁ።