የሳንባ ደም ግፊትና የቤት ውስጥ ጥበቃው

ከመካከላችን እናቱ ከጓዳ እስከ ደጅ ሲራመዱ ቁና ቁና የሚተነፍሱበት ተማሪ ይኖር ይሆናል። የዚህ ዓይነቱ ድካም ብዙ ምክንያት አለው፤ አንደኛው የሳንባ ደም ግፊት ነው።

ይህ ግፊት በክንድ ላይ ከሚለካው የተለየ ነው። የልብ ቀኝ ክፍል ደምን ወደ ሳንባ ይገፋል። በጤነኛ ሰው፣ በዕረፍት ጊዜ፣ የሳንባው ደም ሥር አማካይ ግፊት ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። ሥሮቹ ሲጠቡ ወይም ደሙ በግራው ልብ በኩል ሲታገድ ግን ግፊቱ ይጨምራል፤ ቀኙ ልብ ይደክማል፤ ውኃም በእግርና በሆድ ይጠራቀማል።

ሕመምተኛው ሐኪሙን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው፤ በቀሩት ቀኖች ሁሉ የሚጠብቀው ቤተ ሰቡ ነው። ስለዚህ የሚከተለውን ልብ ማለት ይገባል።

1ኛ/ ሚዛን፤ በየማለዳው ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ተመዝኖ ቁጥሩ በደብተር ይጻፍ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ ዓይን ያላየውን እብጠት ሚዛን ቀድሞ ያሳያል። ክብደቱ በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ፣ በሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ ቢጨምር ለሐኪም ይነገር።

2ኛ/ ጨው፤ ጨው ውኃን በሰውነት ውስጥ ያስቀራል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጁም ጨው ስለሚገባባቸው በወጡ ላይ ሌላ አይጨመር።

3ኛ/ ጭስ፤ ሕመምተኛው ከማገዶና ከሲጋራ ጭስ ይራቅ።

4ኛ/ መድኃኒት፤ «ተሽሎኛል» ብሎ በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው።

5ኛ/ እንቅስቃሴ፤ ሐኪሙ ከፈቀደ በሜዳ ላይ ቀስ ብሎ መራመድ ይጠቅማል፤ ከባድ ሸክም ግን አይገባም። እንደ እንጦጦ ባለ ከፍተኛ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሳንባውን ሥሮች ይበልጥ ያጠብባል።

6ኛ/ እርግዝና፤ በዚህ ሕመም ላይ እርግዝና ለሕይወት ስለሚያሰጋ ሴቶች አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ራስን መሳት፣ የደረት ውጋት፣ ደም የተቀላቀለበት ሳል፣ ተቀምጠው ሳሉ የትንፋሽ ማጠር ከታየ ግን ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው።

በመጨረሻም ነገሩ እኛንም ይነካናል። በአገራችን ለዚህ ሕመም ከሚያደርሱት ነገሮች አንዱ በሩማቲክ ትኩሳት የተጎዳ የልብ በር ነው፤ ይህም ትኩሳት የሚነሣው በተማሪነት ዕድሜ ከሚይዝ የጉሮሮ ሕመም ነው። ስለዚህ ጉሮሮውን ያመመውና ያተኮሰው ተማሪ እንጥሉን ከማስቆረጥ ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።